ነገር በምሳሌ፣ ትምህርትም በሠርቶ ማሳያ

አባቶቻችን «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» ሲሉ ያለ ምክንያት አልነበረም። ጠጅ በዋንጫም በቀንድም ይጠጣል፤ በብርሌ ሲቀርብ ግን ጥራቱ በመስተዋቱ ውስጥ ወለል ብሎ ይታያል፤ ጠጪውም ከመቅመሱ በፊት በዓይኑ ይፈርዳል። ነገርም እንዲሁ ነው። በጆሮ ብቻ የገባ ቃል በሌላው ጆሮ ሊወጣ ይችላል፤ በዓይን የታየ ግን በልብ ያድራል። በዚህች አጭር ጽሑፍ፣ እኛ ወጣቶች በሰው ፊት ቆመን ስናስተምር ወይም አንድ ሐሳብ ስናቀርብ ቃላችንን በሚታይ ነገር እንዴት ልንደግፈው እንደምንችል፣ ደግሞም ያሳየነው ነገር ራሱ ሰውን እንዳያሳስት ምን መጠንቀቅ እንደሚገባን እንመለከታለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውሳለን።

ሀ. ከራሳችን ውድቀት እንጀምር

ሌላውን ከመምከር በፊት የራስን ጉድለት ማየት ተገቢ ነውና፣ በቅድሚያ በእኛ የደረሰውን እንናገራለን። በአንድ ክረምት በሠፈራችን የተቅማጥ በሽታ በብዛት ታይቶ ነበር። ከመካከላችን የአንዱ ታናሽ እህትም ታማ ብዙ ቀን ተኝታ ስለ ሰነበተች፣ ነገሩ ለእኛ የወሬ ጉዳይ አልነበረም። ስለዚህ የሠፈሩን እናቶች በአዳራሽ ሰብስበን ስለ እጅ መታጠብ ለማስተማር ተነሣን። አርባ ደቂቃ ያህል ተናገርን። ከመጽሐፍ የገለበጥነውን የጀርም ሥዕልም በአንዲት ነጠላ ወረቀት ላይ አሳየን፤ ከሦስተኛው ረድፍ በኋላ የተቀመጡት ግን ወረቀቱን እንጂ ሥዕሉን አላዩም። ስንጨርስ ተጨበጨበልን። ከዚያም አንዲት እማማ ተነሥተው፣ «ተባረኩ ልጆቼ፤ መልካም ተናገራችሁ። ግን እኛ መቼ ሳንታጠብ በልተን እናውቃለን?» አሉን።

እውነታቸውን ነበር። ከማዕድ በፊት ማስታጠብ የአገራችን ወግ ነው፤ እንግዳ ቤት ገብቶ ሳይታጠብ ወደ መሶብ እጁን አይዘረጋም። ችግሩ መታጠቡ ላይ ሳይሆን በውሃ ብቻ መታጠቡ ላይ ነበር። እኛ ግን ያን ሁሉ ስንናገር፣ በእነርሱና በእኛ መካከል ያለው ልዩነት የቱ ጋ እንደ ሆነ ለይተን አላሳየንም። የማይከራከሩበትን ነገር አርባ ደቂቃ አስረዳናቸው፤ የሚከራከሩበትን ሳንነካው ወጣን።

በሳምንቱ በሌላ መንገድ ሞከርን። ከሰል ወቀጥን፣ በወንፊት ነፋን፣ በጥቂት የምግብ ዘይትም ለወስነው። እኚያን እማማና አንዲት ጎረቤታቸውን ወደ ፊት እንዲመጡ ለምነን ሁለቱንም እጃቸውን ቀባናቸው። ከዚያም እማማን በውሃ ብቻ፣ ጎረቤታቸውን ግን በውሃና በሳሙና አስታጠብናቸው፤ ለሁለቱም የፈሰሰላቸው ውሃ እኩል አንድ አንድ ጆግ ነበር። ሲጨርሱ እጃቸውን ዘርግተው በተቀመጠው ሰው መካከል እንዲያልፉ አደረግን። እማማ የጥፍራቸውን ዙሪያ ትክ ብለው አዩ። ምንም ሳይናገሩ ወደ ሳፋው ተመለሱና «በሉ እስቲ ሳሙናውን አቀብሉኝ» አሉ። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። በዚያን ቀን የተናገርነው ሁሉ ቢደመር ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም ነበር።

ለ. ዓይን ስለ ምን ይበልጣል?

ሰው ሲናገር የሚሰማው ሰው የሚጠየቀው እምነት ነው። «እኔ አውቃለሁና ተቀበለኝ» እንደ ማለት ነው። ሠርቶ ማሳያ ሲቀርብለት ግን ሰሚው ምስክር ይሆናል። ኋላ ቤቱ ገብቶ ሲያወራ «እንዲህ አሉ» አይልም፤ «እንዲህ አየሁ» ይላል። ገበያ የወጣ እህል ገዢ የነጋዴውን ምስጋና ሰምቶ አይከፍልም፤ ጆንያውን አስፈትቶ ከውስጥ ዘግኖ በመዳፉ ላይ ያየዋል። ይህ ንቀት አይደለም፤ ማስተዋል ነው። በአብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ያሉት ሥዕሎችም ፊደል ያልቆጠረውን ሰው ለብዙ ዘመን ሲያስተምሩ የኖሩት፣ ታሪኩን በፊቱ ስለሚያቆሙለት ነው።

እንግዲህ «ማሳየት» ስንል ሁለት ነገር ማለታችን ነው። አንደኛው ሠርቶ ማሳያ ነው፤ ይኸውም ነገሩ በሰው ፊት ሲሆን ማስመልከት ነው። ሁለተኛው ሥዕላዊ መግለጫ ነው፤ ይኸውም በፊታችን ሊሆን የማይችለውን፣ ወይም በብዙ ቁጥር ውስጥ የተደበቀውን፣ በሥዕልና በሠንጠረዥ ማውጣት ነው። ሁለቱም ምን ያህል ከባድ ጉዳይ እንደሚሸከሙ በሚከተለው ታሪክ እንመልከት።

ሐ. የአንድ ብርጭቆ ውሃ ምስክርነት

በ1986 ጃንዋሪ 28 ቀን ቻሌንጀር የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ከፍሎሪዳ ተነሥታ 73 ሴኮንድ እንደ በረረች በአየር ላይ ተሰባበረች፤ የነበሩባት 7 ሰዎችም ሁሉ አለቁ። ከእነርሱ አንዷ ክሪስታ ማኮሊፍ የተባለች መምህርት ነበረች፤ ከጠፈር ሆና ለተማሪዎች ትምህርት ልትሰጥ የተመረጠች ናት።

የጥፋቱ መነሻ ትንሽ ነገር ነበር። መንኮራኩሯን ወደ ላይ ይገፉ የነበሩት ሁለቱ ታላላቅ ሮኬቶች ክፍል በክፍል የተገጣጠሙ ነበሩ። በየመጋጠሚያው የሚነደው ጋዝ ሾልኮ እንዳይወጣ የሚዘጋ የጎማ ቀለበት ነበረ። ጎማ ሲሞቅ ልስልስ ነው፤ ሲቀዘቅዝ ግን ይደድራል፣ ተጨፍልቆ ሲለቀቅም ቶሎ ወደ ቅርጹ አይመለስም። ቻሌንጀር በተነሣችበት ጠዋት ደግሞ ብርዱ ከባድ ነበር።

የሚያሳዝነው፣ ይህን የሚያውቁ ሰዎች መኖራቸው ነው። በዋዜማው ማታ ሮኬቱን የሠራው ኩባንያ መሐንዲሶች በስልክ በተደረገ ስብሰባ ላይ «ከ12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ከሆነ መነሣት የለባትም» ብለው ተከራክረው ነበር። በችኮላ ያዘጋጇቸውን ገጾችም ላኩ። ነገር ግን የሙቀቱ ቁጥር በአንድ ገጽ፣ የጎማው ጉዳት በሌላ ገጽ ተበታትኖ ነበር፤ ከዚያ በፊት የተደረጉት በረራዎች ሁሉ ከነሙቀታቸው በአንድ ወረቀት ላይ ተሰልፈው የታዩበት ሥዕል አልነበረም። ኋላ መርማሪው ኮሚሽን ይህንኑ አሰልፎ ሲያየው፣ በ19 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከተደረጉት 20 በረራዎች ጎማው የተጎዳባቸው 3 ብቻ ሆነው ተገኙ። በ17 ዲግሪና ከዚያ በታች ከተደረጉት 4 በረራዎች ግን ጉዳት ያልታየበት አንድም አልነበረም። እንዲህ ሆኖ ቢሳል ልጅ እንኳ የሚያነበው ነገር ነው።

ይህን ስንል በመሐንዲሶቹ ላይ ለመፍረድ አይደለም። እነርሱ እውነቱን ተናግረዋል፤ ምክራቸውን ትተው «ትነሣ» ያሉት አለቆች ናቸው። ሆኖም ታሪኩ አንድ ነገር ያስተምረናል፤ እውነትን መያዝ አንድ ነገር ነው፣ ላልያዘው ሰው እንድትታየው ማድረግ ግን ሌላ ሥራ ነው።

ፌብሩዋሪ 11 ቀን ኮሚሽኑ በቴሌቪዥን ካሜራ ፊት ተሰበሰበ። ከአባላቱ አንዱ ሪቻርድ ፋይንማን የተባለው የፊዚክስ ሊቅ ነበር። ጠዋት ከዕቃ መሸጫ ሱቅ ትንሽ የብረት ማጥበቂያ ገዝቶ ነበር። በጉባኤው የሮኬቱ መጋጠሚያ ናሙና ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ከላዩ ላይ ቁራጭ ጎማ አወጣ፤ በማጥበቂያው ጨፍልቆም በረዶ ባለበት የመጠጥ ውሃ ብርጭቆ ውስጥ ነከረው። ጥቂት ቆይቶ አወጣውና ማጥበቂያውን ሲፈታው፣ ጎማው ለጥቂት ሴኮንድ እንደ ተጨፈለቀ ቀረ። ለብዙ ቀን በቃላት ክምር ተሸፍኖ የነበረው ነገር በአንድ ብርጭቆ ውሃ ተገለጠ።

ስለዚህ ሥራ ፋይንማን ራሱ ኋላ ከጻፈው ሦስት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ከጉባኤው በፊት በዚያው ጠዋት በቢሮ ውስጥ ብቻውን ሞክሮት ነበር። ሁለተኛ፣ በጉባኤው በረዶ ያለበት ውሃ ከፊቱ አልነበረም፤ አስጠይቆ እስኪመጣ መጠበቅ ነበረበት። ሦስተኛ፣ ሊጀምር ሲል አጠገቡ የተቀመጠው የአየር ኃይል ጄኔራል «አሁን አይደለም» ብሎ አቆየው፤ ያሳየውም የውይይቱ ርእስ ወደዚያ ነጥብ ሲደርስ ነው። እንግዲህ አስቀድሞ መሞከር፣ ዕቃን ማሟላትና ጊዜን መጠበቅ ከሠርቶ ማሳያው የማይለዩ ናቸው ማለት ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ሌላ ነው። ያ ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ የመጣው ሰዎቹ ካለቁ ከ14 ቀን በኋላ ነበር። በዋዜማው ማታ ቢመጣ ኖሮ ምን ይሆን እንደ ነበር ማንም በእርግጥ ሊናገር አይችልም። እኛ ግን አሳሳቢ ነገር ይዘን ወደ ሰው ስንሄድ፣ ብርጭቆውን ከጥፋቱ በፊት ይዘን መሄድ እንዳለብን ከዚህ እንማር።

መ. የጎረቤት ማሳ

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ «ሠርቶ ማሳያ» የሚለውን ቃል ገበሬው ከእኛ ቀድሞ ያውቀዋል። በ1967 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት በአርሲ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ካዱ፣ አዲሱን ዘርና ማዳበሪያ ለገበሬው ያስተዋወቀው በስብሰባ ንግግር ብቻ አልነበረም፤ በሠርቶ ማሳያ ማሳና አርአያ በሚሆኑ ገበሬዎች አማካይነትም ነበር። በ1993 በአገራችን ሥራ የጀመረው ሳሳካዋ ግሎባል 2000ም ከግብርና ሚኒስቴር ጋር ሆኖ ሠርቶ ማሳያውን በገበሬው በራሱ መሬት ላይ፣ ግማሽ ሄክታር በሚያህል ማሳ አደረገው።

ይህ ታላቅ ማስተዋል ነበር። በምርምር ጣቢያ አጥር ውስጥ የበቀለን በቆሎ ያየ ገበሬ «የመንግሥት መሬት ነው፤ ውሃውም ሠራተኛውም የመንግሥት ነው» ብሎ ሊሄድ ይችላል። በጎረቤቱ ማሳ፣ በዚያው ዝናብ፣ በዚያው በሬ የበቀለውን ሲያይ ግን ምክንያት ያጣል። አዲሱና የቀድሞው ጎን ለጎን ቆመው ስለሚታዩ ፍርዱን ራሱ ይሰጣል። እኛም ስለ ሳሙና ስናስተምር ያልተሳካልንና የተሳካልን ልዩነት ይኸው ነበር፤ መጀመሪያ የመጽሐፍ ሥዕል አሳየናቸው፣ ኋላ ግን የገዛ እጃቸውን።

ነገር ግን ታሪኩ በዚህ አያበቃም። በመልካም ዝናብና በአዲሱ አሠራር ምርት ከበዛ በኋላ፣ በ2001 እና በ2002 የበቆሎ ዋጋ እጅግ ወደቀ፤ ብዙ ገበሬዎችም የማዳበሪያ ዕዳቸውን መክፈል አቃታቸው። ማሳው ዋሽቷልን? አልዋሸም። «ምርት ይጨምራል» አለ፤ ጨመረም። ገበያው ምን እንደሚሆን ግን በማሳ ላይ አይታይም። ከዚህ የምንማረው፣ ማንኛውም ሠርቶ ማሳያ የሚመሰክረው ስላሳየው ነገር ብቻ መሆኑን ነው። ያልታየውን በቃል መናገር የአቅራቢው ግዴታ ነው።

ሠ. ማሳየት ሲያሳስት

ዓይን ይህን ያህል ኃይል ካለው፣ በዓይን ማሳሳትም የዚያኑ ያህል ቀላል ነው። በ1888 በአሜሪካ ስለ ኤሌክትሪክ ታላቅ ክርክር ነበር። ቶማስ ኤዲሰን ቀጥተኛውን ኮረንቲ ሲደግፍ፣ ተወዳዳሪዎቹ ደግሞ አቅጣጫውን በየቅጽበቱ የሚለውጠውን ተለዋዋጭ ኮረንቲ ያስፋፉ ነበር። በዚያ ዓመት በጁላይ ወር ሃሮልድ ብራውን የተባለ ሰው በኒው ዮርክ ከተማ በአንድ የኮሌጅ አዳራሽ ሰዎችን ሰብስቦ፣ ተለዋዋጩ ኮረንቲ ገዳይ መሆኑን ለማሳየት አንድ ውሻ አቀረበ። መጀመሪያ ቀጥተኛውን ኮረንቲ እስከ 1000 ቮልት እያሳደገ ለቀቀበት፤ ውሻው ተሠቃየ እንጂ አልሞተም። ቀጥሎ ተለዋዋጩን በ330 ቮልት ሲለቅበት ሞተ።

ተመልካቹ በዓይኑ አይቷል፤ ነገር ግን ምን አየ? አስቀድሞ በተደጋጋሚ የተጎዳ እንስሳ ሲሞት አየ። ከተሰብሳቢዎቹም ይህን ያስተዋሉና የተቃወሙ ነበሩ። ተለዋዋጭ ኮረንቲ አደገኛ አይደለም ማለታችን አይደለም፤ አደገኛ ነው። ሚዛኑ ግን ትክክል አልነበረም፤ ደግሞም የእንስሳን ሥቃይ ለክርክር ማሸነፊያ ማድረግ ራሱ ነውር ነው። ዛሬ በየቤታችን አምፖል የሚያበራው ያው የተወገዘው ተለዋዋጭ ኮረንቲ ነው።

በሌላው ላይ ስንፈርድ በራሳችንም እንፍረድ። ያን የከሰል ትምህርት በጨረስን ጊዜ አንድ ትንሽ ልጅ ቀርቦ «ጀርም ጥቁር ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቀን። ደነገጥን። ከሰሉ የጀርም ምሳሌ መሆኑን ለልጆቹ አልነገርናቸውም ነበር። ልጁ ያንን ይዞ ቢሄድ፣ ጥቁር ያልታየበትን እጅ ሁሉ ንጹሕ ነው ብሎ ሊበላበት ነው፤ ትምህርታችን ተገልብጦ ጉዳት ሊሆን ነው። ወዲያው ሰውን መልሰን «ያያችሁት ከሰልና ዘይት ነው፤ ጀርም ግን በዓይን አይታይም፤ ስለዚህ እጃችሁ ንጹሕ ቢመስልም በሳሙና ታጠቡ» አልን። ያ ልጅ ከእኛ የተሻለ አስተማሪ ሆነን።

ረ. ስንዘጋጅ ልብ የምንላቸው ነጥቦች

ከላይ ከተባለው የሚከተሉትን ነጥቦች እናወጣለን።

1. ሰሚው የሚጠራጠረው የቱን እንደ ሆነ አስቀድመን እንጠይቅ። የሚታየው ነገር በዚያ ነጥብ ላይ ይሁን። ያማረ ግን ከነጥቡ የራቀ ትርኢት ሰውን ያስቃል እንጂ አያሳምንም።

2. አንድ ሠርቶ ማሳያ አንድ ነገር ብቻ ይናገር። ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ካሳየን ተመልካቹ አንዱንም ይዞ አይሄድም።

3. ጎን ለጎን እናሳይ። ከሚወዳደሩት ነገሮች በአንዱ ብቻ ይለያዩ፤ ሌላው ሁሉ እኩል ይሁን። ውሃው እኩል፣ ቅባቱም እኩል ካልሆነ ሚዛኑ የብራውን ሚዛን ይሆናል።

4. ሥዕልና ጽሑፍ ከኋላ ወንበር ይታይ። በጥቁር ሰሌዳ በጠመኔ ብንጽፍም፣ በፕሮጀክተር በግድግዳ ላይ ብናበራም ሕጉ አንድ ነው፤ ከመጀመራችን በፊት አንዳችን ሄደን ከመጨረሻው ረድፍ ተቀምጠን እንየው። የሚነጻጸሩ ቁጥሮችንም በአንድ ገጽ ላይ እናሰልፋቸው።

5. በቤታችን ቢያንስ ሁለት ጊዜ እንሞክረው፤ ዕቃውንም ቆጥረን እንያዝ። ክብሪት የተረሳበት የሻማ ትምህርት ትምህርት አይሆንም።

6. የሚቻል ከሆነ ተመልካቹ ራሱ ይሥራው። እኛ ስንሠራ «ተለማምደውበታል» ይባላል፤ ጎረቤቱ ሲሠራው ግን ያምናል። ሆኖም ማንንም ሳናሳፍር፣ በፈቃዱ ይሁን።

7. ሳይሳካ ቢቀር አንሸፍነው። «ያሰብነው አልሆነም» ብሎ መናገር መታመንን ያተርፋል፤ ተንኮል የታየበት ግን እውነት ሲናገርም የሚሰማው አያገኝም።

8. በመጨረሻ፣ ያሳየነው ምን እንደ ሆነና ምን እንዳልሆነ በግልጽ ቃል እንናገር።

ውድ አንባብያን፤ ብዙዎቻችን በአንደበታችን እንመካለን። ደህና ተናግረን ስንጨበጨብ የተቀበሉን ይመስለናል። ነገር ግን በዚያ ክረምት ያ ጭብጨባ የአንዲትም ልጅ እጅ አላጠበም፤ ያጠበው በአንድ ማንኪያ ዘይት የተለወሰ የከሰል ዱቄት ነው። እኚያ እማማ እስከ ዛሬ ሲያገኙን «ጥፍሬን እዩልኝ» እያሉ ይቀልዱብናል። በሚቀጥለው ጊዜ ከመካከላችን ተራ የደረሰው በጉባኤ ፊት ሲቆም፣ የሚናገረውን ከማዘጋጀቱ በፊት «ምን ላሳያቸው?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ፤ ቀጥሎም «የማሳያቸው እውነት ነውን?» ብሎ ይጠይቅ። ሁለቱን ጥያቄዎች የመለሰ ሰው ጥቂት ቢናገር እንኳ ብዙ አስተምሯል እንላለን።